ሞተር ሳይክልዎ አልነሳ ሲል፦ ለአትላንታ ወገኖቻችን የቀረበ የትዕግሥት ምክር

አይዞዎት። ቁልፉን አዙረዋል፤ ማስነሻውን ተጭነዋል፤ ከጉልበትዎ ሥር አንድ ነገር «ዝዝዝ» እያለ በባዶው ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። የማታው ፈረቃ ሊያመልጥዎ ነው። ሁኔታው እንደሚያስጨንቅ እናውቃለን። ይህን ምክር ያዘጋጀነውም ለዚህ ነው። በቅደም ተከተል ይከተሉት። አንድም ደረጃ አይዝለሉ። ቸኩለው መጨረሻውን መጀመሪያ ያደረጉ ሰዎች አሉ፤ ቅዳሜ ጎንበስ ብለው ሠርተው ሰኞ ሥራ ገቡ። ዛሬ ሰው መሀል ሲቀመጡ ስለ ሞተር ሳይክላቸው የሚያወሩት አንድ ነገር የላቸውም።

አንደኛ። የሰሙትን ድምፅ ይርሱት።

መካኒኮች «ድምፅ ይናገራል» ይላሉ። ይበሉ። «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ባትሪው ደክሟል ወይም ሪሌው አላስተላለፈም ይላሉ። እያቃሰተና እየተጎተተ ከዞረ ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ አለዚያም የገመዱ ጫፍ ዝጓል ይላሉ። ሞተሪኖው በሙሉ ጉልበቱ እየተሽከረከረ ሞተሩ ካልዞረ ደግሞ ባትሪውም፣ ሪሌውም፣ ሞተሪኖውም ደህና ናቸው ይላሉ፤ የተበላሸው ሞተሪኖውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የማስነሻ ፍሪሲዮን ነው፤ እዚህ ስታርተር ክላች የሚባለው። የቆሎ ምጣድ ላይ ጠጠር የተቆላ ይመስል ከተንኳኳ፣ አንዴ ይዞ አንዴ ከለቀቀ፣ ያው እሱ ነው፤ ማለቅ ጀምሯል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ምርመራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሳንቲምም አያስወጣም። ግማሽ ደቂቃ የፈጀና ሳንቲም ያላስወጣ ነገር ደግሞ፣ እስቲ እርስዎ ራስዎ ያስቡት፣ እንዴት ተብሎ ይታመናል?

ስለ ዕቃው ጥቂት ማወቅ ግን አይጎዳዎትም። ሥራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ መያዝ ነው። ሞተሪኖው ሲያዞረው ይነክሳል። ሞተሩ ተነስቶ በራሱ ሲፈጥን ይለቃል፤ ባይለቅ ኖሮ ሞተሩ ሞተሪኖውን አብሮ እያሽከረከረ ያቃጥለው ነበር። በብዙ የጃፓን ሥሪቶች ውስጡ ያሉት ሦስት ትንንሽ የብረት ሮለሮችና ከኋላ የሚገፏቸው ቀጫጭን ስፕሪንጎች ናቸው። ሮለሮቹ ሲበሉ ወይም ስፕሪንጎቹ ሲደክሙ መንከሱ ይቀርና መንሸራተት ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2009 የተሸጠው ያማሃ ቪ ስታር 1100 በዚህ ዕቃ ስሙ ከሚነሳው አንዱ ነው። ግርማ አለው፤ አሮጌው ደግሞ በርካሽ ይገኛል። እርስዎም እሱን ሳይገዙ አልቀሩም።

ሁለተኛ። ሽማግሌ ይሰብስቡ።

ክላርክስተን ወይም ዲኬተር አካባቢ ወዳለ የኛ ሰው ካፌ ጎራ ይበሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል። «ሞተር ሳይክሌ አልነሳ አለ» ብለው ጮክ ብለው ይናገሩ። ከዚህ በላይ አይጨምሩ። ድምፁን መግለጽ አማካሪን አስቀድሞ ማዛባት ነው።

ለአማካሪነት ሞተር ሳይክል ነድቶ የማያውቅ ሰው ይመረጣል። አድልዎ የለበትም። በዕድሜ ታላቁን ያስቀድሙ። በንጉሡ ጊዜ ቮልስዋገን የነበራቸው ጋሼ «ካንዴላ ነው» ካሉ ካንዴላ ነው። ካንዴላ ሥራ የሚጀምረው ሞተሩ ከዞረ በኋላ መሆኑን፣ የእርስዎ ሞተር ደግሞ ጭራሽ አለመዞሩን በልብዎ ያውቁ ይሆናል። በልብዎ ይያዙት። ጋሼን በሰው ፊት አያሳፍሯቸው። ካንዴላ ይግዙ። ከሚያስፈልገው እጥፍ ይግዙ፤ ግማሹ ለክፉ ቀን።

ቀጥሎ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳውን ወንድማችንን ይስሙ። «ኮምፒውተሩ ነው፤ ስካን አስደርገው» ይላል። ስካነር የሚሰካበት ቦታ እንደሌለው አይንገሩት። ያመስግኑት። ሌላ ቡና ይዘዙለት።

ጥግ ላይ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ አንድ ሰው ይኖራል። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ «ድምፁ እንዴት ነው የሚለው?» ብሎ ይጠይቅዎታል። ከዚህ ሰው ይጠንቀቁ። ወሬውን ወደ ፖለቲካ ይቀይሩት።

ሦስተኛ። ባትሪውን ጊዜው ካለፈ በኋላ ይቀይሩ።

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ያበላሸዋልና ረጋ ብለው ያንብቡ። የሞላ ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩን እያዞረ ሳለ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ደክሟል። ሞተሩ እየሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መሀል ካልሆነ ደግሞ በደንብ ቻርጅ እየተደረገ አይደለም። ይህን ሁሉ የሚነግርዎት መልቲሜትር ለሁለት ሰው ከሚሆን ክትፎ ዋጋ አይበልጥም። አይግዙት። ቁጥር ከታየ በኋላ ውይይት ይሞታል።

አሁን የደካማ ባትሪን ጥቅም እንመልከት። ሞተሪኖው ፒስተኑን ወደ ላይ ይገፋል። ጫፍ ሊያደርሰው ሲል ጉልበት ያንሰዋል። በዚያች ቅጽበት ካንዴላው ይተኩሳል፤ ፒስተኑም ተሻግሮ በመሄድ ፋንታ ወደ መጣበት ይመለሳል። ያ ምት የሚያርፈው በእነዚያ ሦስት ሮለሮች ላይ ነው። ስለዚህ የብርዱን ወራት በሙሉ በደከመ ባትሪ ያስነሱት። በየማለዳው «ለዛሬ ከተነሳ ይበቃል» ይበሉ። የባትሪው ገንዘብ ኪስዎ ውስጥ ይቆይ። የማስነሻ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ገበያ ላይ ያለውን ምርጥ ባትሪ ይግዙ። ልዩነቱን ወዲያው ይሰሙታል። «ዝዝዝ» የሚለው ድምፅ ጥርት ይላል።

ቀጥለው ሪሌውን ይቀይሩ። ቀጥለው ሞተሪኖውን ከነነፍሱ ይቀይሩት። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፤ በሽታው ያለበትን ሳይሆን እጅዎ የሚደርስበትን ቡሎን ይከተሉ። ያወጡትን አሮጌ ዕቃ አይጣሉ። ደህና ነውና።

አራተኛ። ድምፁን ቀርጸው አዲስ አበባ ይላኩ።

ሶማሌ ተራ አካባቢ የሚሠራ የሚያውቁት መካኒክ አይጠፋም። በቴሌግራም ይላኩለት። በሞቃቱ ወራት አዲስ አበባ አትላንታን በ7 ሰዓት ትቀድማለች፤ በብርዱ በ8። እኩለ ሌሊት ላይ ከላኩለት ጋራዡን ሳይከፍት ያገኙታል።

መልሱ አንድ ቃል ይሆናል። «ይከፈት።»

አይቀየሙት። እሱ ባለበት አገር ብረት ውድ፣ የሰው እጅ ርካሽ ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር ይከፈታል። ያለቀው ይሞረዳል፣ ይበየዳል፣ በቶርኖ ይስተካከላል፣ ተመልሶ ይገጠማል። የአንድ ባጃጅ ካምቢዮ ስንት ጊዜ ተከፍቶ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ባለቤቱም አያውቀውም። እርስዎ ባሉበት አገር ብረት ርካሽ፣ የሰው እጅ ውድ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር አይከፈትም፤ ይቀየራል። የተቀየረው ያልተበላሸው ቢሆን እንኳ ከመክፈት ይረክሳል። እርስዎ ግን የሰው እጅ ውድ በሆነበት አገር የራስዎ ሁለት እጆች እንዳሉዎት እንዳያስታውሱ። ሐሳቡ ወደ አደጋ ይወስዳል።

ደግሞስ ምክር የሚጠይቁት ከማን ከተማ ነው? አዲስ አበባ ለሞተር ሳይክል ችግር የራሷን መድኃኒት አግኝታለች። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል። በዚህ ሚዛን የእርስዎ ሞተር ሳይክል ሕግ አክባሪ ነው።

ልብዎ ወደ መክፈት ካደላ ግን በክብር ያድላ። በብዙ ሞተሮች ስታርተር ክላቹ የተደበቀው በጎን ሽፋኑ ውስጥ፣ ከቮላኖው ጀርባ ነው። ቮላኖው ያለ መንቀያ አይወጣም። መንቀያው በኢንተርኔት ቢታዘዝ በጥቂት ቀን ደጅዎ ይደርሳል። ይህን መንገድ አንመክርም። ምናለሽ ተራ ያሠሩት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2023 ጀምሮ አትላንታ ይገባል፤ የእህትዎ ልጅ በበርበሬውና በሽሮው መሀል ሸጉጦ ያመጣልዎታል። ጉምሩክ ላይ «ይሄ ምንድን ነው?» ከተባለ «የአጎቴ ነው» ይበል። መንቀያው ሲደርስ ጥርሱ አንድ ሚሊሜትር ይጠባል፤ ልኩን የሰጡት በስልክ ነዋ። ቮላኖውን ሳይነኩት ቀሩ። እኛም ተመስገን አልን።

አምስተኛ። ጋራዥ ይደውሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሥሪቱ የስንት ዓመት ነው?» የሚል ይሆናል። ካሥር ዓመት በላይ የሆነውን የማይቀበሉ አሉ። አይዘኑ። የሚቀበሉት ደግሞ በሰዓት ከመቶ ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። ሰዓቱ ዘይት ለማፍሰስ፣ ሽፋን ለማውጣት፣ አሮጌ ጓርኒሲዮን ለመፋቅ፣ ቮላኖ ለመንቀል፣ ሁሉንም መልሶ ለመግጠም ይሄዳል። እውነተኛው ዕቃ መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ ዋጋውም ሒሳቡ ላይ ከታች በኩል ይገኛል። ድምሩ ሞተር ሳይክሉን ከገዙበት ከበለጠ አይደንግጡ። ሞተር ሳይክሉ አልሞተም። በዶላር ብቻ ነው የሞተው።

ስድስተኛ። ቁልቁለት ይከራዩ።

ይህን ጥበብ ከአገር ቤት ይዘውት መጥተዋልና ዝርዝር አያስፈልግዎትም። አሮጌ ፊያት የነበረው የአዲስ አበባ ሰው ሲመሽ መኪናውን አፍንጫዋን ወደ ታች አዙሮ ነው የሚያሳድራት። በአትላንታም ይሠራል። ከተማዋ በደግነቷ ኮረብታማ ናት። አፓርታማ ሲፈልጉ ስለ ኪራይና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት አይጠይቁ። ፓርኪንጉ ስንት ዲግሪ እንደሚያዘነብል ይጠይቁ። ዘመድ ፍሎሪዳ ና ቢልዎት አመስግነው ይቅሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁልፉን ይክፈቱ። ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ አንደኛ የኋላ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል። ፍሪሲዮኑን ይጨብጡ። ቁልቁለቱን ይውረዱ። ፍጥነት ሲያገኝ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ይልቀቁ። ተነሳ? ጎሽ። ካሁን በኋላ አያጥፉት።

ይህ ማለት ማደያዎ፣ ሥራ ቦታዎ፣ ሐኪምዎና ቤተ ክርስቲያንዎ ሁሉ ዳገት ላይ መሆን አለባቸው ማለት ነው። ቀስ በቀስ ይቀያይሯቸው። 75 እና 85 ቁጥር አውራ ጎዳናዎች መሀል ከተማ ላይ ተዋህደው በሚሄዱበት ስፍራ መኪና ሁሉ ሲቆም እርስዎም ይቆማሉ። በመኪኖች መሀል ሾልኮ ማለፍ በጆርጂያ ሕግ ክልክል ነው። ሙቀቱ ከላይ፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ደግሞ ከሥርዎ ነው፤ አየሩ ግን የሚመጣው ሲሄዱ ነው። ማጥፋት አይችሉም። ይታገሡ። ሄልሜት በጆርጂያ ግዴታ ነው፤ አያውልቁ።

በዚህ መሀል «ባቡር አይሻልም ነበር?» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ በቀስታ ይመልሱት። የከተማዋን ባቡር የሚያስኬደው ማርታ በብዙ ሰፈር አይደርስም። ከወገናችን ብዙ ሰው የሚኖርበት ጉዊኔት ካውንቲ ማርታን ለመቀላቀል ወይም የሕዝብ ማመላለሻን ለማስፋት ግብር እንዲከፍል እ.ኤ.አ. በ1971፣ በ1990፣ በ2019፣ በ2020 እና በ2024 ድምፅ ስጥ ተብሎ አምስቱንም ጊዜ እምቢ ብሏል። እዚህ ላይ ብቸኝነት አይሰማዎት። ያን የማይሠራ አዝራር ደጋግመው ሲጫኑ አንድ ሙሉ ካውንቲ ከጎንዎ አለ።

ሰባተኛ። ሁለተኛ ማርሽ መዝለል ሲጀምር ደስ ይበልዎ።

ይጀምራል። ነዳጅ ሲሰጡት «ጧ» ይላል፤ መቀየሪያው ከጫማዎ ሥር ይዘላል፤ ሞተሩ በባዶው ይጮሃል፤ ፍጥነቱም ይሞታል። አሁን ችግርዎ ሁለት ሆነ። ሁለት ችግር ያለው ሰው አንዱን ለመፍታት ጊዜ አያገኝም፤ ይህም ትልቅ እረፍት ነው።

ለምን ሁለተኛ? ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲሻገሩ መሀል ላይ ዜሮ አለች። የእግር ጉዞው ከሌሎቹ ይረዝማል፤ እግር የሚሰንፈውም እዚያ ላይ ነው። ማርሾቹን የሚያቆራኟቸው ከጎናቸው የወጡ የብረት ጉብታዎች ናቸው፤ የአንዱ ጉብታ በሌላው ጉድጓድ ገብቶ ይይዛል። ጠርዛቸው ስል እስከሆነ ድረስ አይላቀቁም። በግማሽ ልብ በገቡ ቁጥር ይዶለድማሉ። የዶለደመው ይዘላል። በዘለለ ቁጥር ይበልጥ ይዶለድማል፤ የሚገፋው ሹካም ይጎብጣል። ይህ በዘይት የማይድን፣ ኬብል በማጥበቅ የማይድን፣ በመተው ከቶ የማይድን በሽታ ነው።

ስለዚህ በዘይት ይጀምሩ። የመኪና ዘይት ይጨምሩበት፤ ይረክሳል። ጃሶ ኤምኤ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይለፉት፤ እሱ ለሞተር ሳይክል ተብሎ የተፈተነ ነው። ነዳጅ ቆጣቢ የሚል ማኅተም ያለበትን ያንሱ። የሞተር ሳይክልዎ ፍሪሲዮን በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ ነው፤ መፋተግን ለመቀነስ ዘይቱ ውስጥ የተጨመረው ቅመም የእርስዎንም ፍሪሲዮን መፋተግ ያስተወዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲስ ምልክት ያያሉ። በአምስተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት የሞተሩ ጩኸት ይወጣል፤ ሞተር ሳይክሉ ግን አይፈጥንም። ይህ የሚመጣው እየለሰለሰ ነው፤ አይዘልም፤ መቀየሪያውንም አይመታም። በዚህ ነው ከካምቢዮው ዝላይ የሚለየው። ፍሪሲዮኑን ጨብጠው ቆመው ሳሉ ወደ ፊት የሚገፋዎትና ዜሮ አልገኝ የሚልዎት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፤ ብዙ ጊዜ ኬብሉን ማስተካከል ይበቃዋል። ሦስቱን መለየት የቻለ ሰው ካፌ ውስጥ ወንበር ይጠበዋል። እርስዎ ሁሉንም «ካምቢዮው ነው» ይበሉ።

ዘይቱን ሲያፈሱ ማፍሰሻው ቡሎን ላይ የብረት ፍቅፋቂ ካዩ በጨርቅ ይጥረጉት። ጨርቁን ይጣሉ። አይቁጠሩ።

ሁለቱ ሕመሞች እንዴት እንደሚተጋገዙም ልብ ይበሉ። ሞተሪኖው ስለማያስነሳ በሁለተኛ ማርሽ ያንደረድሩታል። ፍሪሲዮኑን በአንዴ ሲለቁ የሞተሩ ጭነት በዶለደሙት ጉብታዎች ላይ ያርፋል። ሁለተኛ ይዘላል። ሞተሩ አልተነሳም፤ ቁልቁለቱም አልቋል። አሁን ከ250 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ይዘው ዳገቱን ወደ ላይ ይግፉ። በሦስተኛ ይሞክሩ። ሦስተኛ ገና ጤነኛ ነው፤ ሳለ ይጠቀሙበት።

አሁን አንድ ትልቅ ምስጢር። ካምቢዮውን ለማየት በአብዛኞቹ የጃፓን ሥሪቶች ሞተሩ ከሻሲው ወጥቶ ለሁለት መከፈል አለበት። ያ በእውነት ከባድ ሥራ ነው። ስታርተር ክላቹ ግን ጎን ላይ ነው፤ ሞተሩ ባለበት ሆኖ፣ ትክክለኛ መንቀያና የጥገና መጽሐፉ ካለ፣ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። በጊዜው ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ቁልቁለቱ ባልመጣ ነበር፤ ቁልቁለቱ ባይመጣ ሁለተኛ ማርሽ ትንሽ በቆየ። ይህን ልዩነት አያሰላስሉት። ሁለቱንም «ሞተር ማስከፈት» ብለው በአንድ ስም ይጥሩ። ሁለቱንም እኩል ይፍሩ።

ስምንተኛ። ይሽጡት።

ጊዜው ደርሷል። ማስታወቂያው አጭር ይሁን፤ «በጣም ንጹሕ። ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው።» አዲሱን ባትሪ አብረው ይሸጡታል፤ ስለዚህ የሚፈልገው ነገር ከተሟላለት ቆይቷል፤ ከውሸት ነጻ ነዎት።

ገዢው ከመጣ ብዙ ያልቆየ ልጅ ይሆናል። ክላርክስተን ይኖራል። ጌይንስቪል ካሉት የዶሮ ፋብሪካዎች በአንዱ ይሠራል፤ መንገዱ በመኪና ባዶ ሰዓት አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ተዳብሎ የሚሄድበት ቫን ሰው ከሞላ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ኤም የሚባለውን የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት በወንድምነት ይምከሩት። ስለ ሁለተኛ ማርሽ ካልጠየቀ አይጠየቁም።

ብቻውን ላይመጣ ይችላል። አብሮት የሚመጣው ያ ካፌው ጥግ ላይ የነበረው ሰው ቢሆን አይደንግጡ። ሰላም ይበሉት። ማስነሻውን ይጫን። ድምፁን ይሰማል፤ ጎንበስ ብሎ የግራውን ሽፋን ያያል፤ ለልጁ በጆሮው አንድ ነገር ይለዋል፤ ልጁም ዋጋውን በግማሽ ይቀንሳል። እርስዎ «ባትሪ ነው» ብለው ይጽኑ። ከዚያ ግማሹን ይቀበሉ። አሮጌውን ሞተሪኖ፣ አሮጌውን ባትሪ፣ የተረፉትን ካንዴላዎችና ያን የማይገጥም መንቀያ በካርቶን ይጨምሩለት። ሰውየው መንቀያውን አገላብጦ አይቶ «ይቺ አንድ ሚሊ ብትሰፋ ትገባለች» ካለ፣ ወደ ቤት ይግቡ።

ቅዳሜ ካፌ ሲሄዱ ጋሼ «ያ ሞተር ሳይክል እንዴት ሆነ?» ብለው ይጠይቁዎታል። ብድግ ብለው ይጨብጧቸው። «ካንዴላው ነበር፣ ጋሼ» ይበሏቸው።